የሙሽሪት መሸኛ

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ያ የፋብሪካው ብርድ ለቀቅ አደረገህ ወይስ አሁንም ሁለት ሹራብ ደርበህ ነው የምትሠራው? እናታችን በደንብ ይበላል ወይ ብላ ትጠይቅሃለች፤ እበላለሁ ብትላትም እንደማታምንህ እወቅ። እኛ ደህና ነን። ደህና ነን የምልህ ሁላችንም ቆመን ስለምንሄድ ነው እንጂ፣ እኔስ ልቤ ከቦታው ከጠፋ ሰንብቷል።

በስልክ የነገርኩህ ግማሹን ነው፤ ባለቤትህ አጠገቤ ነበረች። ሙሉውን ጽፌ ለጭነት መኪናው ሹፌር ሰጥቼዋለሁ። በአሥር ቀኑ ወደዚህ ይመለሳል፤ መልሱን በእሱ እጅ ላክልኝ።

ሙሽሪት (ከሠርጋችሁ ስድስት ዓመት ቢያልፍም ሰፈሩ ስሙን አልለወጠላትም) ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። እግሯ ትንሽ ያብጣል እንጂ ፊቷ ጥሩ ነው። ባለፈው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያችን ወስጃት ነበር። አዋላጇ ሆዷን ዳስሳ፣ የመጀመሪያ ልጇን በኦፕራሲዮን እንደወለደች ስትሰማ፣ እኔን ለብቻዬ ወደ ኮሪደሩ ጠራችኝ። "እትዬ፣ ይህቺ ልጅ እዚህ ምጥ እንዳይጀምራት። እኔ ጓንትና መቀስ እንጂ ቀዶ ሐኪምም፣ ደምም የለኝም" አለችኝ።

ታዲያ ማዶ ትሂዳ ትለኝ ይሆናል። ልጃችሁን ቃሪያን የወለደችበት ሆስፒታል ድልድዩን ተሻግሮ ነው፤ በእግር እንኳ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። አንተ ከሄድክ ወዲህ ግን ነገሩ ተለውጧል። የእኛ አስተዳደርና የማዶው በበጀት ተኳርፈው፣ አንዱ የሌላውን ነዋሪ እንዳያክም ደንብ አውጥተዋል። የእኛ ሰው ሲታመም የሚላከው ወደ እኛው ሆስፒታል ነው፤ እሱ ደግሞ በመኪና አራት ሰዓት ይርቃል፤ መንገዱን ታውቀዋለህ። ለድንገተኛ ብቻ ድልድዩ መሃል ላይ ርክክብ ይደረጋል። የእኛ አምቡላንስ እስከ መሃሉ ይሄዳል፣ የእነሱ ከወዲያ ይመጣል፣ ሕመምተኛው ከአንዱ ቃሬዛ ወደ ሌላው ይዛወራል።

ባለፈው ወር የዳቦ ጋጋሪው ሚስት በዚያ ርክክብ ላይ ሞተች። ከወለደች በኋላ ደሙ አልቆም ብሏት ነበር። የእኛዎቹ በጊዜ ደረሱ፤ የማዶዎቹ ፈቃድ እስኪያገኙ ሃምሳ ደቂቃ ቆዩ። እኔ ደግሞ መዝገብ ያዥ ነኝና ሞቷን መመዝገብ ነበረብኝ። "የሞተችበት ቦታ" የሚለው ላይ ስደርስ አለቃዬ፣ "ከድልድዩ መሃል ካለፈች የእኛ አይደለችም" አለ። ማዶ ደወልኩ፤ እነሱም አልተረከብናትም አሉ። ጋጋሪው በመስኮቴ አንገቱን አስግጎ፣ "እህት ዓለም፣ የፈለግሽው ጋ ጻፊያት፤ ብቻ አንድ ቦታ ጻፊያት" አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ጻፍኳት፤ አለቃዬ ግን ገጹ ላይ እስካሁን አልፈረመም።

በዚያው ሰሞን በአስተዳደራችን የእናቶች ሞት ቀንሷል፣ የሰውም አማካይ ዕድሜ በሦስት ዓመት ጨምሯል ብሎ ራዲዮው ተናገረ። እናታችን ሰምታ፣ "የኔን ዕድሜ ለሁሉም አካፍለውት ይሆናል" ብላ ሳቀች። እኔ ሳቁ አልመጣልኝም፤ መዝገቡ እኔ እጅ ነዋ። በዚህ ዓመት ብቻ በወሊድ የሞቱ ሰባት እናቶች ጽፌያለሁ፤ ትልቋ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። ወደ ሪፖርቱ የገቡት ግን ጤና ተቋም ውስጥ የሞቱት ሁለቱ ናቸው። አምስቱ መንገድ ላይ ስለቀሩ የማንም አልሆኑም።

አሁን የምነግርህን ቁጣህን ያዝ አድርገህ አንብበው። ሙሽሪት ማዶ ተወልዳ ማዶ የተመዘገበች ናት፤ እዚያው እንደተመዘገበች ብትቀር ኖሮ ዛሬ ከሆስፒታሉ በር የሚመልሳት አልነበረም። አምና ወዲህ ያዛወርኳት እኔ ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም። አንድ ቤተሰብ በሁለት መዝገብ ተበትኖ ማየት ዓይኔን ስለሚቆረቁረው፣ በአንተ ስም ሥር አስገብቼ፣ ማኅተም መትቼ፣ "አሁን ሙሉ ሆናችሁ" ብዬ መታወቂያዋን ሰጠኋት። ማክሰኞ ዕለት ማዶ ለመታከም ብትሄድ ከካርድ ክፍሉ ያስመለሳት ያ መታወቂያ ነው።

መውጫው አንድ ነው፤ መሸኛ። ከእኛ መዝገብ በመሸኛ ከለቀቀች በአባቷ ቤት ነዋሪ ሆና ትመዘገባለች፣ ሆስፒታሉ ይቀበላታል፣ ምጧንም እዚያው ሆና ትጠብቃለች። የሚወለደው ልጅም የማዶ ሰው ተብሎ ይጻፋል። እናታችን ይህን ስትሰማ፣ "የልጅ ልጄን ለማየት ማመልከቻ ላስገባ ነው?" ብላ አኩርፋለች። ሙሽሪትም አንተ ስትመለስ ባዶ ቤት እንዳታገኝ ብላ አልሄድም ብላኛለች። ትናንት ልብስ ስናሰጣ፣ "አትጨነቂ እትዬ፣ ድልድዩ ላይ ከወለድኩ ሁለቱም ይሻሙበታል" ብላ ሳቀች። እኔ የያዝኩትን አንሶላ ደግሜ ጨመቅኩት። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ይህ ቁጥር በየትኛው ዓምድ እንደሚጻፍ ሳላስበው እጄ ያውቀዋል። ያስፈራኝ እሱ ነው።

ቅጹን ሞልቼ ጨርሼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። የቀረው የአባወራው ፊርማ ነው። ፈርመህ ለሹፌሩ መልስለት። ለእሷም ደውልና ሂጂ በላት፤ ከእኔ ሲሆን ትእዛዝ ይመስላታል፣ አንተን ግን ትሰማለች።

ሹፌሩ ከዘገየ የማደርገውን ከወዲሁ ልንገርህ። ሁለተኛ ቅጽ ከእኔ ዘንድ አስቀርቻለሁ፤ በአሥራ አንደኛው ቀን የአንተን ፊርማ እኔ እፈርመዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት መዝገብ ስይዝ አንድ ፊደል ደልዤ አላውቅም። የድሮ ደብዳቤዎችህን እያየሁ ተለማምጄዋለሁ፤ የመጨረሻዋ ጭራ ብቻ አስቸግራኛለች።

እናታችን ጉልበቷን ያዝ ቢያደርጋትም ደህና ናት፤ በጤና ያግባህ ብላሃለች። ቃሪያ ወገቤ ድረስ ደርሳለች፤ አባዬ ቢመጣም አልጋዬን አልሰጠውም ብላ ዝታብሃለች፣ ሰላምም ብላሃለች። ሙሽሪትን በጣም ናፍቀሃታል። ስትደውልላት ድምፅህን ቀለል አድርገው፤ ምን ያህል እንደፈራን እንዳታውቅ።

እህትህ

ከመዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ
የካቲት 21 ቀን