ከመጋረጃው ጀርባ የበቀለው ሣር

ለምወድሽ እህቴ ለሳይሚ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ከፋብሪካው ሥራ ጋር ታረቀ ወይስ አሁንም እንዳኮረፈ ነው? ባልሽ ጉናርስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። ሐይቁ ገና በረዶ ነው፤ ፀሐዩ ግን ዓይን ይወጋል። እማማም ጤናዋ ደህና ነው፤ ብዕር ያነሣሁት ስለ ሌላው ነገሯ ልጽፍልሽ ነው።

«ዘንድሮ በዚህ ቤት ፋሲካ የለም፤ አትምጡ» ብላ ካስጻፈችኝ ወዲህ እንደከፋሽ አውቃለሁ። እኔንም ከፍቶኛል። ባለፈው መኸር ጀልባው ተገልብጦ ሐይቁ አባባን ካስቀረው ጀምሮ በሐይቁ በኩል ያለው መስኮት መጋረጃው ተገልጦ አያውቅም። ብለምን ብለማመጥ እሺ አላለችኝም።

የሆነ ሆኖ እጇ ልማዱን አልተወምና በየዓመቱ ለፋሲካ ገበታ ጌጥ የምታበቅለውን ሣር በሳህን ዘራች። መጋረጃው እንደተዘጋ ወጥ ቤት ጥግ ብታስቀምጠው ሣሩ ቀጥኖ፣ ገርጥቶ፣ ተልፈስፍሶ በቀለ። እሷ ባለሱቁ አሮጌ ዘር ሸጠልን ብላ ረገመችው። እኔ ብርሃን አጥቶ ነው አልኩ። «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ገበሬ የሆንከው?» አለችኝ። እልኸኛ መሆኔን ታውቂያለሽ፤ እንግዲያው እንፈትነው አልኳት። ከዚያው ከረጢት በሁለት ሳህን ዘራን። አንዱን ቁም ሣጥን ውስጥ ዘጋንበት፤ ሌላውን እኔ ራሴ ከመጋረጃው ጀርባ የመስኮቱ ደፍ ላይ አኖርኩት። አፈሩም ውሃውም አንድ ነው። ውሃ ማጠጣቱን ለእሷ ተውኩላት። ብልሃት አስቤ ነው ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል፤ ሰነፍ ስለሆንኩ ነው።

መጀመሪያ እጇን በመጋረጃው ሥር ሰድዳ በዳበሳ ታጠጣ ነበር። ውሃው ሁሉ ወለሉ ላይ ይፈስሳል። ቀስ በቀስ ጥግ ጥጉን ገለጥ ማድረግ ጀመረች። የቁም ሣጥኑ ሣር በቁመት ሲበልጥ ጊዜ ረታሁህ ብላ ሳቀችብኝ፤ አባባ ከሞተ ወዲህ ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ብዙም ሳይቆይ ግን ያ ረጅም ሣር እንደ ሰካራም ተዘረረ። የመስኮቱ አጠር ብሎ፣ ወፍሮ፣ አረንጓዴ ሆኖ፣ አንድም ሳይቀር ወደ ሐይቁ ዘንበል ብሎ ቆመ። እማማ ሳህኑን ብታዞረው ውሎ አድሮ ተመልሶ ወደዚያው አዘነበለ።

የገረጣውን ልደፋው ስል ከእጄ ነጠቀችኝ። መጋረጃውን እስከ ዳር ገፍታ ከጓደኛው አጠገብ አስቀመጠችው። ሣሩም እንደተኛ አረንጓዴ ሆነ። ትናንት አጠገቡ ተቀምጣ ሐይቁን ስታይ ቆየችና «ታውኖ፣ አልተነሣም እኮ፤ ግን ለመለመ» አለችኝ። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። እንባዋን ጠርጋ ለሳይሚ ጻፍላት አለች። ምን ብዬ ብላት፣ «ልጆቹን ይዛ ትምጣ። ምሳ መስኮቱ ሥር ነው የምናቀርበው በላት» አለችኝ።

ጉናርን የሳውናው እንፋሎት እየጠበቀህ ነው በዪልኝ፤ እንደ አምናው ሙቀቱን ሸሽቶ ሮጦ ቢወጣ አልምረውም። ቲናንና ትንሹን ዮርማን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። እማማ ግን ሰላምታ አልላከችም፤ ሲመጡ በአፌ እላቸዋለሁ ብላለች።

ወንድምሽ ታውኖ
ኩህሞ፣ ኤፕሪል 2 ቀን 1971 እ.ኤ.አ.