የጫልቱ ዋሶች

ማክሰኞ

የአቶ ሣህሌ ቴሌግራም አጭር ነው፤ ራስ ምታቱ ግን ለሳምንት ይበቃል። «ኩባንያው ሠራተኛ በማስተማር ያወጣውና ያገኘው ተሠርቶ ይጠብቀኝ። ቅዳሜ ነቀምቴ እገባለሁ።» የኩባንያው ጸሐፊ ነኝና ያወጣነውን ሠርቼ ለመጨረስ ግማሽ ቀን አይፈጅብኝም። ያገኘነውን ግን በምን ልሥራው? ሰው እንደ ካኪ በሜትር አይለካ።

የፈለጉት ነገር ግልጽ ነው። ከባለ አክሲዮኖቹ ትልቁ ድርሻ የእሳቸው ነው፤ አዲስ አበባ ተቀምጠው የሚታያቸው የሚወጣው ብቻ ነው። ያስተማርናቸው ልብስ ሰፊዎች እየወጡ የራሳቸውን ሱቅ ከፍተዋል። የቅርቡ ቶሎሳ ነው፤ አሁን ሲሬ ባለ ሱቅ ሆኗል። ስለዚህ «ማስተማር ይቁም» ሊሉ ነው። ማስተማሩ ከቆመ ጫልቱም ቀረች ማለት ነው።

ጫልቱ ከጊዳ አያና ስትመጣ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት እንኳ አታውቅም ነበር። ዛሬ የስፌት መኪና ሲንገራገጭ ሁሉም የሚጠራው እሷን ነው። በደንብ ሲሰበር ግን ከአዲስ አበባ ጠጋኝ እስኪመጣ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። ለዚህ ነው ጥገናውን እዚያው ሄዳ እንድትማር የወሰንነው። ጉዞዋ ለፊታችን ሰኞ ነበር።

ቴሌግራሙን ለሥራ አስኪያጃችን ለወይዘሮ ሌንሴ አነበብኩላቸው። ሠራተኛው «አዴ ሌንሴ» ነው የሚላቸው፤ እኔም የሸዋ ሰው ሆኜ ከለመድኩት ቆየሁ። ከሚቆርጡት ጨርቅ ላይ ቀና እንኳ አላሉም። «ነገ ሲሬ ገበያ ነው፤ አብረን እንሄዳለን» አሉኝ። የጠየቅኳቸው ሌላ፣ የመለሱልኝ ሌላ።

ረቡዕ

ሲሬ ደርሰን ተመለስን። ወገቤ ተቆርጧል፤ የዚህን መንገድ ጉድጓድ ሁሉ ቆጥሬበታለሁ።

የቶሎሳ ሱቅ መንገድ ዳር ናት። ሰላም አልለውም ብዬ ነበር የሄድኩት። በእኛ ወጪ ተምሮ ለራሱ ሱቅ! እሱ ግን «አካም ጂርቱ፣ አዴ!» ብሎ ዘልሎ ተነሣ፤ ወንበሩን ለእሳቸው፣ በርጩማውን ለእኔ አቀረበ። እንዳኮረፈ ልጅ ቆሜ ቀረሁ።

እሳቸው አልወቀሱትም። የተሰቀለውን ልብስ አንድ በአንድ እየገለበጡ ስፌቱን አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ክሩን እየው» አሉ። አየሁት። የእኛ መጋዘን ክር ነው። ካኪውም አዝራሩም የእኛ። «ከሌላ ብገዛ ጥራቱን በምን አውቀዋለሁ?» አለ ቶሎሳ። ቀጠለና ደግሞ ወገቤን ያስረሳኝን ነገር ነገረኝ። ለዘውድ በዓል የሲሬ ተማሪ ቤት የደንብ ልብስ ያዘዘው መጀመሪያ እሱን ነበር፤ ስለበዛበት ወደ እኛ ላካቸው። እኔ ያ ትእዛዝ ከሰማይ የወረደ መስሎኝ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ አየሁ። ቶሎሳ የለበሰው ኮት አንዱ ኪሱ ወደ ጎን ተንጋዷል። በእኛ ቤት ደንብ አለ፤ ተማሪ መጀመሪያ የጨረሰው ልብስ አይሸጥም፣ ያስተማረው ሰው ይለብሰዋል። እሱም የጎረቤቱን ሚስት ስፌት እያስተማረ ነው። ያንን ኮት ለብሶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ በገበያው መሀል ሸኘን።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ስጽፍ ዋልኩ። እነዚያን ተማሪዎቻችን መጀመሪያ የጨረሷቸውን ልብሶች እስከ ዛሬ «ብልሽት» ከሚለው ሥር ነበር የማስገባቸው። አዴ ሌንሴ አይተው «ብልሽት አይደሉም፤ አውጣቸው» አሉ። «ወዴት ላግባቸው?» ብላቸው «የተማርከው አንተ ነህ» ብለውኝ ሄዱ። እኚህን ሴት አደንቃቸዋለሁ። ፊት ለፊት ግን አልነግራቸውም፤ ሥራ ይጨምሩብኛል።

የቆራጮቹ አለቃ ኦቦ ገመቹ እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት የሚሄዱት ጫልቱ መጀመሪያ በሰፋችው ኮት ነው። አንዱ ትከሻው ከሌላው ከፍ ያለ ነው። እሷ ራሷ ላስተካክለው ብላ ለምናቸዋለች። ለምን እንደማይሰጧት ዛሬ ጠየቅኳቸው። «ከተስተካከለማ ከየት እንደተነሣች በምን አያለሁ?» አሉኝ። ሳምንቱን ሙሉ መለኪያ ስፈልግ እኚህ ሰው ለብሰውት ሲዞሩ ነበር። ልብሶቹን «ያገኘነው» ከሚለው ሥር አስገባኋቸው።

ዓርብ

ጫልቱ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥታ ቆመች። «ኦቦ ታደሰ፣ ሻንጣዬን ልፍታው?»

«ገና ነው» አልኳት። ወደ ወረቀቴ ተመለስኩ።

ቅዳሜ

አቶ ሣህሌ ላንድሮቨራቸውን ጭቃ አልብሰው ገቡ። የጻፍኩትን እስከ መጨረሻው አነበቡ። ጨካኝ አድርጌ ስስላቸው ነበር የሰነበትኩት፤ ለካ አስተዋይ ሰው ናቸው። «መልካም። የወጡት ደንበኛ ሆነውልናል። ይቺ ግን አዲስ አበባ ነው የምትማረው። ሙያዋን ይዛ እዚያው ብትቀርስ?»

ሁለት ዋስ ትጥራ አሉ፤ ካልተመለሰች ወጪዋን የሚከፍሉ። ጊዳ አያና ያለው ወንድሟ እንደሆነ «ሴት ልጅ ከመኪና ጋር ምን አገናኛት» ብሎ ከጥንት ጀምሮ እምቢ ያለ ነው። ጫልቱ አንገቷን ደፋች።

ከሰዓት በኋላ ከሲሬ የመጣው አውቶቡስ ቶሎሳን አወረደ። ያንኑ ኪሱ የተንጋደደ ኮት ለብሷል። አዴ ሌንሴ ዋስ እንደሚጠየቅ ገምተው ትናንት በአውቶቡሱ ሹፌር ልከውበት ኖሯል፤ ለእኔ ትንፍሽ አላሉም። «ሱቄን አስይዛለሁ» አለ። አቶ ሣህሌ ሳቁ። «ጥለህ የወጣኸው አንተ ለሰው ዋስ ልትሆን?»

«ጌታዬ፣ እኔን ሲያስተምሩኝ ዋስ አልጠየቁኝም። እሷን ከጠየቋት ዋሷ እኔ ልሁን» አለ።

ሳቃቸውን አቆሙ። ቶሎሳ ፈረመ። «ሁለተኛውስ?» ሲሉ ብዕሩን ተቀብዬ ይዤ ነበር፤ ጸሐፊ ስለሆንኩ። ለሌላ ሰው ማቀበል ነበረብኝ። ራሴ ፈረምኩ። አዴ ሌንሴ አዩኝ፤ ያ ለእኔ በቂ ነበር። አቶ ሣህሌ ወረቀቱን ኪሳቸው ከተው «እሷ ከተመለሰች ማስተማሩ ይቀጥላል፤ ካልተመለሰች ይዘጋል» አሉ። ሁሉም ነገር አንዲት ሴት ላይ ወደቀ።

እሑድ

ለሚስቴ ነገርኳት። «ለማታውቃት ሴት?» አለች። አውቃታለሁ ብዬ እስክትሰለች ተከራከርኩ።

ከቅዳሴ ስመለስ ኦቦ ገመቹን ጸሎት ቤቱ ደጅ አየኋቸው። ያ ትከሻ ሁሌ ያስቀኝ ነበር። ዛሬ አላሳቀኝም፤ ኮራሁበት።

ሰኞ

ጫልቱ ሄደች። አውቶቡሱ ከመነሣቱ በፊት ሠራተኛው በሙሉ ወጥቶ ሸኛት፤ ኦቦ ገመቹ በኦሮምኛ ረጅም ምርቃት መረቋት፤ ሹፌሩ ጥሩምባውን ቢነፋም አላቋረጡም።

ልትሳፈር ስትል በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ አኖረች። መቀሷ ነው። ይህን መቀስ ለማንም አውሳ አታውቅም፤ አንድ ጊዜ ወረቀት ልቁረጥበት ብዬ አኩርፋኛለች። «ስመጣ እወስደዋለሁ» አለችኝና ተሳፈረች።

ወንበሯ ባዶ ነው። አንዱ ሊቀመጥበት ሲል ተቆጣሁት፤ በኋላ አፈርኩ። መቀሱን መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። እስካሁን ስንቴ ከፍቼ እንዳየሁት እኔም አላውቅ።