ከቀዛፊዋ በኋላ

ለምወድሽ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ያ ጣሪያው ያንጠባጥባል ያልሽኝ ክፍልሽ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። አባባ ደህና ነው። ጉልበቱ ደህና አይደለም፤ ስለ ጉልበቱ የሚያወራበት ምላሱ ግን ከሁላችንም ይበልጥ ጤነኛ ነው። እማዬ ደህና ናት፣ የስፌት መኪናዋም ደህና ናት፤ ሁለቱም ሲያጉረመርሙ ይውላሉ።

ከሰላምታዬ ቀጥሎ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የምናዘዘው ኃጢአት አለኝ። በቀዛፊዋ ላይ ሌላ ልብወለድ ደርቤባታለሁ።

አትቆጪኝ። ምን ላድርግ? አንቺ በሄድሽ ማግስት እማዬ የቀዛፊዋን መጽሐፍ ስድስቱንም ቅጽ ለአሮጌ ወረቀት ገዢ ሸጥኳቸው ብላ አረዳችኝ። ያቺን ልጅ ከስፌት ወንበሯ ላይ አንስቶ የወሰደብኝ መጽሐፍ ነው፣ ከእንግዲህ በዚህ ቤት ልብወለድ ያየሁ እንደሆነ አለች። እንደሆነ ምን እንደምታደርግ ግን አልጨረሰችውም፤ ስፒል በከንፈሯ ይዛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስምሽን አትጠራም። «ያቺ» ነው የምትልሽ። አባባ ተሳስቶ ስምሽን ካነሳ፣ ጨርቅ ባይኖርበት እንኳ የመኪናውን ፔዳል ትረግጠዋለች። የጨርቅ ሣጥኗንም መቆለፍ ጀምራለች፣ ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው። ውድ ጨርቅ መጥቶላት ይሆናል።

እኔም ከቀዛፊዋ ጋር ስድስት ቅጽ ሙሉ ወንዝ ስሻገር ኖሬ አሁን ዳር ላይ ቀረሁ። ምን ላንብብ ብዬ ትልልቅ ሰዎችን ጠየቅሁ፤ ጥፋቴ ይኸው ነው። አባባ በሕይወቱ አንብቦ የጨረሰው ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን ወረቀት ብቻ ነው። ምን ጎደለው አለኝ፤ መጀመሪያ ተስፋ ይሰጥሻል፣ ቀጥሎ ያስፈራራሻል፣ መጨረሻ ላይ ሐኪምሽን አማክሪ ይልሻል። እውነቱን ነው፣ ከብዙ ልብወለድ ይሻላል። የቋንቋ መምህራችን ደግሞ ቁም ነገር ያለው መጽሐፍ አንብቢ አሉኝ። የትኛው ነው ስላቸው፣ ቁም ነገር ያለው ነዋ አሉኝ።

በመጨረሻ መጽሐፍ አከራዩ ጋ ሄድኩ፣ ያ አንቺ ፕሮፌሰር የምትያቸው። ቀዛፊዋን ጨርሻለሁ፣ እንደሷ ያለ ስጡኝ ስላቸው መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽራቸውን ያወለቁ ለት ነገር አለ። እንደሷ ያለ ስትፈልጊ ታረጃለሽ፣ እንደሷ ያልሆነ ውሰጂ አሉና አንድ ቀጭን ልብወለድ ሰጡኝ።

እታለም፣ መጽሐፉ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ደረጃ ይወጣል። በቃ። ይወጣል፤ ያርፋል፤ የሞተችውን ሚስቱን ያስባል፤ ደግሞ ይወጣል። አናቱ ላይ ሲደርስ ቁልፉን ታች ረስቶታል። እኔ እዚያ ላይ ከደንኩት።

ጥፋቱ የመጽሐፉ አልነበረም። ኅዳጉ ባዶ ነበር። አንቺ ሁልጊዜ ቀድመሽ እያነበብሽ፣ «ብል» እያልሽ በእርሳስ ትጽፊልኝ የለ? ብል፣ ይህን ገጽ ከእራት በፊት እንዳታነቢ። ብል፣ ይሄን ሰውዬ አትመኚው። ብል፣ እዚህ ጋ እኔም አልቅሻለሁ። መጽሐፍ እንደ ብል ስለምበላ ስሙ ይገባኛል። በአፍሽ ግን አንድም ቀን ጠርተሽኝ አታውቂም፤ ስሜ እዚያ ኅዳጉ ላይ ብቻ ነበር የሚኖረው። አሁን ገጽ ስገልጥ የሚጠራኝ የለም። ትምህርት ቤት ስሜ ይጠራል፣ አቤት እላለሁ፤ እሱ ሌላ ነው። እራት ላይ ሦስት ሆነን የማንኪያ ድምፅ እናዳምጣለን። አልጋሽ ላይ የእማዬ ደንበኞች ልብስ ተከምሯል። አንዳንዴ ክምሩን አንቺ ነሽ ብዬ አዋራዋለሁ። ካንቺ ይልቅ ያዳምጣል።

ዋናው ወሬ እዚህ ነው። መጽሐፉን ከእማዬ ለመሸሸግ የቁራጭ ጨርቅ ቅርጫት ሥር ከትቼው ነበር። ልብስ ሰፊ ቤት ውስጥ መጽሐፍን ጨርቅ ሥር መደበቅ፣ ሥጋን ድመቷ የምትተኛበት ሥር እንደመደበቅ ነው፤ ብልጠቴን ተመልከቺ። ልመልሰው ሳወጣው ጣቴ ላይ ሰማያዊ ብናኝ ቀረ። ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት የሚሰመርበት ጠመኔ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ዳር ላይ፣ የደንበኛ እጅጌ ልክ በሚጻፍበት በዚያ ዘመም ያለ ጽሕፈት፣ ረዝሟል፣ ከታች ይታጠፍ ይላል። ጥቂት አለፍ ብሎ፣ ይህቺ ሚስት ጥሩ ሰው ነበረች። ሽማግሌው ቁልፉን የረሳበት ገጽ ላይ ደግሞ ጠመኔው ጠበቅ ተደርጎ፣ ምስኪን፣ ወርዶ የሚያመጣለት ልጅ የለውም ወይ ይላል።

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ቁልፉን ማን እንዳመጣለት አልነግርሽም።

እራት ላይ አባባ የጉልበቱን ታሪክ ሲጀምር እማዬ፣ አንተ ደግሞ ያን ሁሉ ደረጃ የወጣህ ትመስላለህ አለችው። እሱ የትኛው ደረጃ ብሎ ቀረ። እኔን ውሃው ትን አለኝ።

መጽሐፉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። አከራዩ የተጻፈበት መጽሐፍ ይዤባቸው ልቅር ስላቸው ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ኅዳጉን አይተው መነጽራቸውን አወለቁና፣ ይሄ ከእንግዲህ የእናንተ ነው አሉኝ። ጠመኔ ቶሎ ይለቃልና ስትገልጪው ቀስ በዪ። ከሥሩ በእርሳስሽ ጻፊበትና መልሺልን። የጻፍሽው ለእኔ ባይሆንም አልቀየምም።

ጣሪያሽ አያንጠባጥብ፤ አለቃሽ ቀና ሰው ይሁንልሽ፤ ፈጣሪ ካለሽበት ይጠብቅሽ፣ የመመለሻሽንም መንገድ ያሳጥረው።

ታናሽሽ

ቆይ፣ አንድ ነገር ልጨምር። የስፌት መኪናው ድምፅ መቆሙን ልብ አላልኩም ነበር። እማዬ ከኋላዬ ቆማለች፣ ጣቶቿ ሰማያዊ ናቸው፣ የሣጥኗ ቁልፍ ከአንገቷ ወልቆ እጇ ላይ ነው፤ ከየትኛው መስመር ጀምሮ እንዳነበበች አላውቅም። ደብዳቤውን እጄ ሥር ልደብቅ ስል ጠራችኝ። ብል፣ ፖስታውን እንዳታሽጊው አለችኝ።