በኪሩ አርባ የማላነበው ወረቀት

ሜራን፣ ጄኔቭ
የካቲት 16 ቀን 2014 ዓ.ም.

አባዬ፣

«ደህና ነህ ወይ» ብዬ ለመጀመር ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ደህና እንዳልሆንክ አውቃለሁ፤ እኛም ደህና አይደለንም። ስለዚህ በቀጥታ ልናገር። የፊታችን ቅዳሜ በወንድሜ በኪሩ አርባ ላይ እንዳነበው ከለንደን የላክህልኝን የሕይወት ታሪክ አላነብም።

«ኪሩቤል አስፋ የእንግሊዝ ጦር ካቡልን ለቆ ሲወጣ በጀግንነት ተዋግቶ በደረሰበት ቁስል አረፈ» ይላል። የቱ ቁስል ነው አባዬ? ለፈረንጆች ገና እረፍት እኛ ጋ ሲመጣ እኔና እሱ አንድ ክፍል ነው የተኛነው። ትናንት ወረቀቱን ለእማዬ አነበብኩላት። ከሥራ ገና መግባቷ ነበር፤ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም። «አባትህ ያለውን አንብብ» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ጀርባውን አሽቼዋለሁ እኮ፤ ጭረት አልነበረበትም» አለች። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፈተችው።

ካቡል የሆነውን ኪሩ ነግሮኛል። ከትራም ማቆሚያው ወደ ቤት እየሄድን ነው የነገረኝ። አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር ዝም ይላል፤ ድምፁ ሲርቅ ካቆመበት ይቀጥላል። እኔ ጅሉ መጀመሪያ የጠየቅኩት «ስንት ሰው ገደልክ?» ብዬ ነው።

«አንድ ጥይት አልተኮስኩም» አለኝ። «የእኔ ሥራ በር ነበር።»

ጦሩ ጓዙን እየሰበሰበ፣ የማይወስደውን እየሰባበረ ይወጣል። እነ ኪሩ ኤርፖርቱ በር ላይ ቆመው ወረቀት ያያሉ። ዝርዝሩ ላይ ያለ ይገባል፤ የሌለ ይመለሳል። ሰው እስከ ጉልበቱ ቆሻሻ ቦይ ውስጥ ቆሞ ወረቀቱን ወደ ላይ ይዘረጋል። በአምስተኛው ቀን ለእንግሊዞች ሲያስተረጉም የኖረ አንድ ሰው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ መጣ፤ የአሥራ አምስት ዓመት ወንድሙንም ጭምር። ሚስትና ልጆች ዝርዝሩ ላይ አሉ። ወንድም የለም። ኪሩ አለቃውን ጠየቀ። «ወንድም ቤተሰብ አይደለም» አለው። ልጁን ከአስተርጓሚው ክንድ ያላቀቀው ኪሩ ነው፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ።

«አስተርጓሚው ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አለኝ። «‹እሺ ሰር፣ እሺ ሰር› ይለኝ ነበር።»

ሃያ ዓመቱ ነበር አባዬ። ካንተ ጋ ለንደን እየኖረ ሲቀጠር አሥራ ሰባት። ወላጅ ካልፈረመ አይወስዱትም ነበር፤ የፈረምከው አንተ ነህ፣ «ጦሩ ሰው ያደርገዋል» ብለህ። የገና ዕለት ደውሎልህ ሲያለቅስ የመለስክለትን ሰምቻለሁ፤ ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ወታደር ነህ ወይስ አልቃሽ?» አልከው። ቀልድህ ይሆናል። ኪሩም ሳቀ። ወር ሳይሞላው ካምፑ ውስጥ ራሱን አጠፋ። ይኸው ጻፍኩት። አንተን ያቃተህ ሁለት ቃል ነው።

«ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ትከለክለዋለች» ብለህ ፈርተህ እንደሆነ ገብቶኛል። እኔም ፈርቼ ነበር። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስወጣ ለእማዬ ሳልነግራት ቄሱ ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ታሞ ነበር ልጄ?»

«አዎ አባ። ማንም አላወቀለትም።»

«እንግዲያው ጸሎቱን እኔ አደርሳለሁ። አንተ ውሸት አትጨምርበት።»

ስለዚህ በቄስ ማሳበብ ቀርቷል፤ አሁን የቀረው ያንተ ኩራት ነው። ለለቅሶ ከከተማው ማዶ ከካሩዥ የመጡት እትዬ ትርፍነሽ «አይዞሽ፣ የጀግና እናት» ባሏት ቁጥር እማዬ አንገቷን ትነቀንቃለች እንጂ አታለቅስም። በአንተ ወረቀት ላይ ላለው ኪሩ እንዴት ብላ ታልቅስ?

እኔ የማነበው ይህን ነው፦ «ኪሩቤል አስፋ ከካቡል በሕይወት ተመልሶ ነበር። ታሞ እኛ ጋ መጣ። ነገረን። አልሰማነውም።» እኛ ያልኩት አንተን ብቻ አይደለም።

«ከሥራ አይለቁኝም፣ አልመጣም» ብለሃል። እንዳነበው ካልፈለግክ መጥተህ ወረቀቱን ከእጄ ቀማኝ። ከኤርፖርት እስከ እኛ ቤት በአውቶቡስ አሥር ደቂቃ ነው።

እግዚአብሔር ያጽናህ። ይህን ቃል ከአንተ ነበር የምጠብቀው፤ ሲዘገይብኝ ቀደምኩህ።

የቀረልህ ልጅ፣
ንዋይ