ለዘር ያስቀመጥኳት ማሽላ

ሰኞ፣ ግንቦት 5 ቀን 1966፣ ቆቦ

የልጅ ልጄን የዘሀራን ሆድ ደሴ ላይ ሐኪም አየልኝ። ከቆሽቷ አጠገብ እጢ በቅሏል አለ።

«ክፉ አይደለም እማማ፣ ቀደን ስናወጣው ትድናለች» ሲለኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ቀጥሎ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«እንዲህ ከስታ ግን ቢላዋ አትችልም። ወር ሙሉ ወተትና እንቁላል ያብሏትና ያምጧት።»

«የኔ ልጅ፣ ከቆቦ እኮ ነው የመጣነው! ድርቁ ገድሏት አጥንቷ ዋጃ ሜዳ ላይ የቀረውን ላሜን ልለብ?» አልኩት።

ዛሬ ቤት እንደገባን፣ ለዘር ብዬ በአመድ ለውሼ ቅል ውስጥ ያኖርኳትን ማሽላ አጥቤ ፈጨሁና ገንፎ ሠራሁላት።

«እምዬ፣ ዝናብ ቢመጣስ ምን እንዘራለን?» አለችኝ።

«ዝም ብለሽ ብዪ!» አልኳት።

ቅሉ ከሳምንት አያልፍም። ሐኪሙ ያለው ወር ነው።