የፍዮሪ እጆችና የአቶ ኢያቄም ደብተር

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ጽገረዳ ገብረክርስቶስ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ከጤናሽ ቀጥሎ እንቅልፍሽን፣ ከእንቅልፍሽ ቀጥሎ ያንን የሚያስቸግርሽን ወገብሽን እጠይቃለሁ። ደረጃውን አሁንም ተንበርክከሽ ነው የምታጥቢው ወይስ መወልወያ ተገዛልሽ? የኩዌት አየርስ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ብርድ ቢይዘውም እሁድ እሁድ ቅዳሴ አይቀርባትም። ልጅሽ ፍዮሪ ቁመቷ የበሩን እጀታ አልፏል። እኔም እዚያው ጎሚስታዬ ውስጥ ከጎማ ጋር እየታገልኩ አለሁ።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ አልፈለግኩም። በስልክ ሲሆን አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እቆጣለሁ፣ በመሀል ኔትወርኩ ይቆረጣል። የኩዌት ጎረቤትሽ ሜቲ እረፍቷን ጨርሳ ወደዚያ ስለምትመለስ ደብዳቤውን በእጇ ልኬዋለሁ። አቶ ኢያቄም ልጅሽ ዘገምተኛ ናት ብሎ በድምፅ የላከልሽን መልእክት ከሰማሽ በኋላ ሦስት ቀን እህል እንዳልቀመስሽ የነገረችኝ እሷ ናት። ለእኔ አልነገርሽኝም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ፤ ከዚያ በኋላ ማልቀስ ካለብሽ በእሱ ሳይሆን በእኔ አልቅሺ።

ስለ ትምህርት ቤቱ ልጀምር። ኦሎምፒያ አካባቢ ያለውን ነው፤ ስሙን አልጽፈውም፣ ወረቀቴ ያሳዝነኛል። ‘ኢንተርናሽናል’ የሚል ቃል አለበት፤ ከውጭ አገር የመጣው ግን ዘበኛው የሚለብሰው የሰልባጅ ኮት ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ ይሄው ኢያቄም ነው። ፊት ለፊቱ አንቱ እለዋለሁ፤ በዚህ ደብዳቤ ላይ ግን እጄ እምቢ ብሎኛልና ታገሺኝ።

ጥቅምት ላይ ጠራኝ። ሥራ ላይ እንደነበርኩ ልብሴን ሳልቀይር ሄድኩ። ቢሮው ስገባ ከላይ እስከ ታች አየኝና ከጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንስቶ ወንበሩ ላይ አነጠፈልኝ። ተቀመጥኩበት። ከዚያ የፍዮሪን ደብተር ገለጠ። ገና አራት ዓመት ተኩል ያልሞላት ልጅ፣ አንድ ገጽ ሙሉ ‘ኤ’፣ አንድ ገጽ ሙሉ ‘ሀ’ እንድትጽፍ ታዛለች። እርሳሱን እንደ ሙቀጫ ዘነዘና በጭብጧ ይዛ ወረቀቱን በስታዋለች። በላዩ ላይ ቀይ እስክሪብቶ እንደ ዝናብ ወርዷል። ‘የልጅቷ ፋይን ሞተር ደካማ ነው’ አለኝ። እኔ ደግሞ ሞተር ሲባል የማውቀው ኮፈን ተከፍቶ የሚታየውን ነው። ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቀው ‘ማለቴ... ፋይን ሞተር ነዋ፤ በቃ፣ ፋይን ሞተር’ አለ። አያውቀውም! ከአንድ ስልጠና ላይ ሰምቶ፣ ከክራቫቱ ጋር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ቃል ነው። ቀጥሎ ልጅቷ እዚያው ቆማ እየሰማች ‘ትምህርት አይገባትም፤ ሐኪም አሳያት፣ ወይም ለእሷ የሚሆን ቦታ ፈልግላት’ አለኝ። ፍዮሪ እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች። ጋዜጣውን እርሺው፤ እጆቿን መደበቋን ግን አልረሳለትም።

ስወጣ በሩ ላይ እትዬ ሀብትነሽ ያዙኝ። ሕፃናቱን መጸዳጃ ቤት የሚወስዱት፣ ምሳ የሚያበሉት ሞግዚት ናቸው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ሲያሳድጉ የኖሩ፣ ባምቢስ አካባቢ የሚኖሩ ሴት ናቸው። እኔ ኢያቄምን መራገም ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም።

‘ስማ ልጄ፣ ሸሚዟን ማን ነው የሚቆልፍላት?’ አሉኝ። እኔ ነኝ አልኳቸው። ‘ጫማዋንስ?’ እኔ። ‘ማን ያጎርሳታል?’ እማዬ። ‘የምሳ ዕቃዋን ማን ይከፍትላታል?’ እርስዎ ይመስሉኛል አልኩ። ‘አዎ፣ እኔ ነኝ። ታዲያ ይቺ ልጅ እጅ ያላት ለምንድን ነው? ጭንቅላትስ አላት፤ የሌላት እጅ ነው። እጇን የበላችሁት እናንተ ናችሁ። ያ ደግሞ በተበላ እጅ ጻፊ ይላታል።’

ለኢያቄም ያዘጋጀሁት ንቀት ግማሹ ወደ እኔው ዞረ። እውነታቸውን ነው፣ ጽጌ። የካዛንቺሱ ቤታችን ሳይፈርስ በፊት ቢያንስ ግቢ ነበራት፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር አፈር ትቆፍር ነበር። ላንቻ ሦስተኛ ፎቅ ከገባን ወዲህ ያላት ሶፋና ስልክ ነው። ስልኩን የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ጎማ ስቀይር እንዳትነካካብኝ ብዬ። በአንድ ጣቷ እያንሸራተተች ቀኑን ትጨርሳለች፤ ዘጠኙ ጣቶቿ ለጌጥ ነበሩ። አንቺም ብትሆኚ አልቀረሽም፤ በቪዲዮ ‘ኤቢሲዲ በይልኝ’ ትያታለሽ፣ ስትል ታጨበጭቢያለሽ። ካልሲዋን ማን እንዳጠለቀላት ጠይቀሽን ግን አታውቂም።

እትዬ ሀብትነሽ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያስረዱኝን ያ ሰውዬ በአንድ ዓመት አይገባውም። እጅ መጀመሪያ ይጨብጣል፣ ይጠመዝዛል፣ ይቆነጥራል፤ እርሳስ የሚይዘው ከዚያ በኋላ ነው አሉኝ። ትከሻና ክንዷ ሳይጠነክር ጣቷ ጉልበት ከየት ያመጣል አሉኝ። ለካ ፋይን ሞተር የተባለው ይሄው የጣት ሥራ ኖሯል።

በማግስቱ ስልኩን ቆለፍኩት። ሁለት ቀን እንደ ሐዘንተኛ አለቀሰች። ሸሚዟን ራሷ ትቆልፍ አልኩ፤ አንዷን ቁልፍ ቀዳዳዋ ውስጥ እስክታስገባ ሻዩ ቀዘቀዘ፣ እማዬ ‘ልጅቷን ልትገድላት ነው’ ብላ አኮረፈችኝ። እኔም እጄ ሊረዳት ሲል በሌላው እጄ እይዘው ነበር። በየቀኑ ዘግይተን እንደርሳለን፤ በየቀኑ ያ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያሳየኛል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጎሚስታው እወስዳታለሁ። አሮጌ ብሎንና ዳዶ በቆርቆሮ ሰጠኋት፤ መፍታትና ማሰር ነው ሥራዋ። ጎማ የምነክርበት በርሜል አጠገብ ሁለት ሳህን አስቀምጬ በስፖንጅ ውኃ ከአንዱ ወደ አንዱ እየጨመቀች ታዛውራለች፤ መጀመሪያ ጠብ አይልላትም ነበር። ጎማ ላይ ምልክት የማደርግበትን ጠመኔ ሰጥቻት የብረት በሩን ከላይ እስከ ታች ትሞነጫጭረዋለች፤ እየተንጠራራች፣ በሙሉ ክንዷ። ቤት ስንገባ እማዬ ከኩርፊያዋ ወጥታ ሊጥ ትሰጣት ጀመር፣ እሸት አተር ታስፈለፍላት ጀመር። ቅዳሜ ቅዳሜ እትዬ ሀብትነሽ ይመጡና ቅልብልቦሽ ያጫውቷታል። ጠጠሩ እየተበተነባት ስትናደድ እሳቸው አይቆጡም፤ ‘ድገሚ’ ነው የሚሏት።

አንድ ቀን ጎማው የተነፈሰበት ባለ ትልቅ መኪና ሰውዬ መጣ። ፍዮሪ ዳዶ ስትፈታ አይቶ ‘ሕፃን ልጅ ጎሚስታ ታሰራለህ? አታፍርም?’ አለኝ። ከኋላ ወንበር የእሷ እኩያ የሆነ ልጁ ታብሌት ላይ ዓይኑን ተክሎ አፉን ከፍቷል፤ ሹፌሩ ብስኩት ያጎርሰዋል። ልጁ የሚያኝከው ራሱ መሆኑም ይገርማል። ጎማውን ሠርቼ ሸኘሁት።

የቤት ሥራውን በቃ አልኩ። ደብተሩን ባዶውን እመልሰዋለሁ፤ ከላይ ግን እጽፍበታለሁ፦ ‘ዛሬ ፍዮሪ አሥራ አራት ዳዶ ፈትታለች። ሚልዮን።’ በሌላው ቀን፦ ‘ዛሬ ጃኬቷን ራሷ ዘጋች።’ ኢያቄም በቀይ እስክሪብቶ ‘ይህ የቤት ሥራ አይደለም’ ብሎ ይመልስልኛል። እኔም ከሥሩ ‘ነው’ እልበታለሁ። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ተጻጻፍን። የሚገርምሽ ከሁላችን ብዙ የጻፈው እሱ ነው፤ የእጅ ጽሑፉም ዶሮ የጫረችው ይመስላል።

ጥር መጨረሻ ላይ የወላጆች ቀን ሆነ። ከሳምንት በፊት ደውሎ ‘ያን ቀን ልጅቷን ቤት አስቀራት፤ እንግዶች አሉብን’ አለኝ። እሺ አልኩት። በቀኑ ቀሚሷን ራሷ ለብሳ፣ ከኋላ ያለውን አንዱን ቁልፍ ብቻ እማዬ ቆልፋላት፣ ይዣት ሄድኩ።

ብታዪው ጥሩ ነበር። ሕፃናቱን እንደ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ጥቁር ጋዋን አልብሷቸዋል። አንድ በአንድ እየወጡ ነጩ ሰሌዳ ላይ ‘ማይ ኔም ኢዝ’ ብለው በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ፤ ወላጅ ስልኩን ይዞ ይቀርጻል፣ ያጨበጭባል። አንድ አባት ፊት ወንበር ላይ ሆኖ ልጁን ‘እስቲ አባባ ብለህ ጻፍልኝ’ አለው። ልጁ አባቱን አየ፣ አስተማሪዋን አየ፣ ከዚያ ተመልሶ ‘ማይ ኔም ኢዝ’ ብሎ ጻፈ። ደግሞም ተጨበጨበለት! ልጁ ምን በደለ? እኔ ያፈርኩት በሚያጨበጭቡት ነው።

ከዚያ ብስኩትና የታሸገ ውኃ ታደለ። ሠላሳ ሕፃን እሽጉን ይዞ ‘ቲቸር ክፈቺልኝ፣ ቲቸር ክፈቺልኝ’ ማለት ጀመረ። ሁለቱ አስተማሪዎች ከወላጅ ጋር ፎቶ ይነሳሉ፤ እትዬ ሀብትነሽ ደግሞ መጸዳጃ ቤት ናቸው። ፍዮሪ ጥግ ላይ የራሷን ብስኩት ቀደደች፣ የውኃውን ክዳን ጠምዝዛ ከፈተች፣ ጠጣች። አጠገቧ ያለው ልጅ አያትና የእሱን ዘረጋላት። ከፈተችለት። ሌላዋ መጣች። ትንሽ ቆይቶ የኢያቄም ምሩቃን ሁሉ ጋዋናቸውን እየጎተቱ ልጅሽ ፊት ተሰልፈው ቆሙ። እሷም እንደ ሥራ ሰው ዝም ብላ ትከፍታለች። የጠበቀባትን በቀሚሷ ጫፍ ይዛ ትጠመዝዘዋለች፤ ከእኔ አይታ ነው።

ወላጆች ማየት ጀመሩ። ያ አባት ‘ይቺ ልጅ የማን ናት?’ አለ። ኢያቄም ማይኩን እንደያዘ ከተፍ አለና ‘የእኛው ተማሪ ናት፤ ትምህርት ቤታችን ለፋይን ሞተር የተለየ ትኩረት ይሰጣል’ አላለም መሰለሽ?

ጽጌ፣ ጠብ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ተነሥቼ ‘አቶ ኢያቄም፣ እንግዶች አሉብን፣ ቤት አስቀራት ያሉኝ ልጅ ናት። ለእናቷም ኩዌት ድረስ ዘገምተኛ ናት ብለው የላኩላት እርስዎ ነዎት’ አልኩት። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። እትዬ ሀብትነሽ በሩ ላይ ደርሰው ኖሮ ሳቃቸው አመለጣቸው። ኢያቄም ማይኩን ሊያጠፋ ቁልፉን ፈልጎ አጣው።

ለዚያች ሳቅ እትዬ ሀብትነሽ በሳምንቱ ከሥራ ተሰናበቱ። እኔ የምናገረውን ተናግሬ ወጣሁ፤ ዋጋውን የከፈሉት እሳቸው ናቸው፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሄጄ ይቅርታ ስጠይቃቸው ‘ሂድና ልጅህን አጫውት’ ብለው አባረሩኝ። አሁን እቤታቸው አምስት ልጆች ይይዛሉ፤ አንዱ ‘አባባ’ መጻፍ ያቃተው ልጅ ነው፣ አባቱ ራሱ አምጥቶላቸዋል። ፍዮሪን አስወጥቼ ሰፈራችን ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት አስገብቻታለሁ። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ልጁ ብዙ ነው፣ ግን አሸዋና ጭቃ አላቸው፤ አስተማሪዋም ቀይ እስክሪብቶ የላትም። ሐኪምም አሳይቻታለሁ፤ አጫውቷትና ምንም የለባትም ብሎ ሸኘን። ስለዚህ እባክሽ እህል ብዪ።

ይህን ስጽፍ አጠገቤ ነበረች። ለእናትሽ ስምሽን ጻፊላት ብዬ እርሳሱን ሰጠኋት። በሦስት ጣቷ ያዘችው፤ ማንም ሳይነግራት። ከታች ያለችው ጎባጣ ‘ፍ’ የእሷ ናት፣ እኔ አልነካሁባትም። ‘ዮ’ን ቀጥዪ ስላት ‘ይበቃታል፣ ጭቃዬ ይደርቅብኛል’ ብላኝ በረንዳው ላይ ወደጀመረችው የጭቃ ቤት ሄደች። አላስገደድኳትም።

አብራሽ የምትሠራዋን ዳናይትን ስለ አንቺ ደህንነት አመስግነሽ ሰላም በይልኝ። ሾፌሩን ደጉንም ከወገቤ ጎንበስ ብዬ ሰላም ብዬዋለሁ። ለአሮጊቷ እመቤትሽም ጤና ይስጣት፤ መወልወያም ትግዛ። እማዬ ጉንጭሽን ስማሻለች፣ እትዬ ሀብትነሽም ባያውቁሽም ይስሙሻል። የልጅሽ ሰላምታ ከዚህ በታች አለ።

ወንድምሽ ሚልዮን ገብረክርስቶስ
ላንቻ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ፍ