በሬው የእኔ፣ ማሳው የሰው

ሰቆጣ፣ የካቲት ፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣ ለአባ ገብረ ኪዳን፤

ሰላምታዬ ከጉልበትዎ ይድረስ። እኔም፣ ዝናሽም፣ ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእርስዎን ጤንነት ግን አልጠይቅም፤ አውቀዋለሁ። እማሆይ ወለተ ሚካኤል ለገዳሙ ሻማና ዘቢብ ሊወስዱ ከተማ ሲወጡ እኛ ቤት አደሩ። «አባቴ እንዴት ናቸው?» ብላቸው «ደህና ናቸው» አሉና ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። አይቆጧቸው፤ እሳቸው ዝም ብለው ነበር፣ ዝናሽ ናት ያወጣጣቻቸው። ሳሉ ከክረምት ጀምሮ እንዳልተወዎት፣ ማኅሌት መቆም አቅቶዎት ተቀምጠው እንደሚያድሩ፣ አበምኔቱ «ሄደው ይታከሙ» ብለው ቢፈቅዱልዎትም «ልሞትበት ከገባሁበት በር አልወጣም» እንዳሉ ሁሉንም ሰማሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእኔ ጋር ሰቆጣ ሆስፒታል እንዲሄዱልኝ። ጉዳዬን ከፊት ያደረግኩት «የመሪጌታ ልጅ ሆኖ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል» ብለው እንዳይስቁብኝ ነው። አሁን ዙሪያ ጥምጥሙን ልቀጥል።

አባቴ፣ መኪና ገዛሁ። አሳምነውን ያስታውሱታል፣ ከዜማ ቤት ሸሽቼ በረዳትነት የተቀጠርኩለት፣ ኋላም ሾፌሩ የሆንኩለት ነጋዴ? አርጅቶ ሥራውን ሲተው ያችኑ ስነዳት የኖርኩትን አይሱዙ ለእኔ ሸጠልኝ። ድሮ ለገና ላሊበላ ላድርስዎት ብዬ በሯን ስከፍትልዎት ያሉኝን አልረሳሁም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ። የራስህ ሲኖርህ እሳፈራለሁ» ብለው ነጠላዎን አጣፍተው በእግርዎ ሄዱ። ቃልዎን ይዣለሁ።

ባለቤት በሆንኩ ማግስት ሞተሯን ሳስነሳ ደነገጥኩ። የማላውቀው ድምፅ ሁሉ ይሰማኛል፤ አንዱ ቦታ ሲጥጥ ይላል፣ ሌላው ቦታ ያጉረመርማል። መካኒኩ ሆዷ ሥር ገብቶ ፈተሻትና «ምንም የላትም፤ ድሮም እንዲሁ ነበረች» አለኝ። ለካ የአሳምነው ሳለች ጆሮዬን ደፍኜ ነበር የምነዳት። አሁን ቁልቁለት በወረድኩ ቁጥር ፍሬኗን በእግሬ ብቻ ሳይሆን በሆዴም እይዘዋለሁ።

መጀመሪያ ብቻዬን ልሥራ ብዬ ነበር። ግን መኪና መያዝና ጭነት ማግኘት ለየቅል ናቸው። ገበያ ዳር ቆሜ የሚጭን ነጋዴ ስጠብቅ ጎማዋ ሥር ድመት ልትወልድ ምንም አልቀራትም። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላለ አንድ የጭነት ድርጅት አከራየኋት። የምነዳት እኔው ነኝ፤ ነዳጁም፣ ጎማውም፣ ጥገናውም የእኔ ነው። እነሱ ጭነት ያመጣሉ፣ ድርሻቸውን ያነሳሉ፣ ስማቸውን በሯ ላይ ይለጥፋሉ፤ ያለ እነሱ ፈቃድ ለሌላ ሰው አልጭንም። «ታዲያ የማን ናት?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እኔንም እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። መልሱን ያገኘሁት በአምደወርቅ መንገድ ሳልፍ አንድ ገበሬ በራሱ በሬ የሰው መሬት ሲያርስ አይቼ ነው። በሬው የእኔ፣ ማሳው የሰው። እኩል አራሹን መሬቱን ቢከለክሉት በሬውን ነድቶ ቤቱ ይገባል እንጂ በሬውን የሚነጥቀው የለም። ለዝናሽ ስነግራት «ይህን ለማወቅ አምደወርቅ ድረስ መሄድ ነበረብህ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ውሉን ስፈርም የሠራሁትን ጉድ ደግሞ ልንገርዎት። የዚያን ዕለት ማለዳ መኪናዋን ጠበል ላስረጫት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ፣ ለቄሱ ስሜን ሰጥቼ ነበር ወደ ቢሮው የገባሁት። ጸሐፊው ጢማቸውን ያሳደጉ ሽማግሌ ናቸው። ልክ እንደ ቄሱ አንገታቸውን ደፍተው «ስም?» አሉኝ። «አሥራተ ማርያም» አልኩ። ጻፉ። «የአባት ስም?» ሲሉኝ ነው የነቃሁት፤ ቄስ የአባት ስም አይጠይቅማ! «ይቅርታ አባቴ፣ እሱ የክርስትና ስሜ ነው፤ መንጃ ፈቃዴ ላይ ደግሰው ነኝ» ብላቸው ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ እዚህ ቅዳሴ የለም» ብለው ሰረዙት።

ወረቀቱ ተስተካከለ። ለመኪኖቹ ስምሪት የምታወጣው ልጅ ግን ጎን ተቀምጣ ሰምታ ኖሮ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስትደውል «አሥራተ ማርያም፣ የት ደረስክ?» ነው የምትለኝ። በዚያ ስም የሚጠራኝ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እርስዎ፤ ያውም ዜማ ስሳሳት። ስልኩ በጮኸ ቁጥር መሪዬን ይዤ ቀጥ ብዬ እቀመጣለሁ።

አባቴ፣ ማለዳ ከሰቆጣ ስወጣ ጉሙ ሸለቆውን ሞልቶ የተራሮቹ ራስ ብቻ ይታያል። ያኔ መኪናዋ መሬት የምትረግጥ አይመስለኝም። ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ እኔ ግን እርስዎን አስቀምጬ እሄዳለሁ። መቋሚያዎን በጉልበትዎ መካከል ይተክሉና ሞተሯን ያዳምጣሉ። «ዳገት ላይ ግዕዝ ናት፣ ሜዳ ላይ ዕዝል፣ ቁልቁለት ስትወርድ አራራይ ትሆናለች» እልዎታለሁ። እርስዎም በኽምጠኛ ይቆጡኛል፤ ሲቆጡ አማርኛው ይጠፋዎት የለ? ትንሽ እንደቆዩ ግን ራስዎ ማንጎራጎር ይጀምራሉ፤ እኔም ድምፅዎ እንዳይቋረጥ ብዬ ጉድጓዱን ቀስ ብዬ አልፈዋለሁ። መንገዱ አያልቅም። የትም አንደርስም፣ የምንቸኩልበትም የለም፤ ፀሐይዋ ብቻ ጉሙን እየቀደደች ትወጣለች። አንድ ጠዋት ብርዱ እንዳይመታዎት ብዬ እጄን ዘርግቼ በእርስዎ በኩል ያለውን መስኮት ዘጋሁት። የሚያየኝ ሰው ቢኖር አብዷል ይለኝ ነበር።

አሁን ቁም ነገሩን ልንገርዎት። በዚህ በቅበላው ሳምንት ለሰሃላ እህል እጭናለሁ። መንገዱ በበጋ እስከ ወረዳው ከተማ ያስገባል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር ነው። እማሆይ እንደነገሩኝ ከገዳሙ እስከዚያ ድረስ አበምኔቱ በቅሎ ይሰጡዎታል፣ አንድ መነኩሴም ያስከትሉልዎታል። እህሉን ሐሙስ አራግፌ ዓርብ እጠብቅዎታለሁ። ሐኪም ካየዎት በኋላ እኔው እመልስዎታለሁ፤ ጾሙን በገዳምዎ ይይዛሉ። ዝናሽ «ሰውነታቸው አልቋል፣ መንገዱ ያንገላታቸዋል» ብላ ለወንበሩ የጥጥ ፍራሽ ሰፍታለች።

አንድ ነገር ግን አለ፤ ከሰው ከሚሰሙት እኔ ልንገርዎት። ስምሪት የምታወጣው ልጅ ትናንት ደውላ ነበር።

«አሥራተ ማርያም፣ ሰሃላ እንዳራገፍክ በዚያው ወደ ኮምቦልቻ፤ ማዳበሪያ ይጠብቅሃል።»

«አንድ ሁለት ቀን ብቆምስ?»

«ውሉን አንብበሃል አይደል?»

አንብቤዋለሁ። ያለ ፈቃድ የቆመ መኪና ከስምሪት ይወጣል፤ እንደ እኔ ያለ አዲስ ገቢ ደግሞ አንዴ ከወጣ የሚመልሰው የለም። የእርስዎን ነገር አጫወትኳት። «ብፈቅድልህ ደስ ባለኝ፤ እኔም ግን ተቀጣሪ ነኝ» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ማታ ዝናሽን ሳማክራት እሳቱን እየቆሰቆሰች «በሬህን ነድተህ ግባ» አለች።

ስለዚህ ዓርብ እቆማለሁ። ይህን የምነግርዎት ይሉኝታ ልጭንብዎት አይደለም። «የራስህ ናት ወይ?» ብለው ቢጠይቁኝ መልስ እንዳላጣ ነው። ቁሚ ስላት የምትቆም መኪና የእኔ ናት፤ አሳምነው ዘንድ ሳለሁ ይህን ማድረግ አልችልም ነበር።

እስከ ቅዳሜ ካልመጡ ደግሞ መኪናዋን እዚያው ቆልፌ ቁልቁል ወደ ገዳሙ በእግሬ እወርዳለሁ። የመጣሁት ልጎትትዎት እንዳይመስልዎት። አልወጣም ካሉኝ አልጨቀጭቅዎትም፤ ውሃ እየቀዳሁ፣ ሲያስልዎት ጀርባዎን እየደገፍኩ አጠገብዎ እቀመጣለሁ። ድርጅቱ ማዳበሪያውን የሚጭንለት ሰው አያጣም። ፈራሁ አባቴ፣ ምን ልደብቅዎት።

የመነኮሱ ዕለት ጸሎተ ፍትሐት ሲደረስልዎት አገሩ ሁሉ እንደነበረ ዝናሽ ነግራኛለች። «መሪጌታ ዓለምብርሃን ለዚህ ዓለም ሞተዋል» ተብሎ፣ ሁሉም አልቅሶ ተሰናብቶዎት ወደ ቤቱ ገባ። እኔ ያን ዕለት የሰው ጭነት ይዤ አፋር በረሃ ነበርኩ፤ አልደረስኩም። እናም ሌላው ሰው ሁሉ ቀብሮዎታል፤ እኔ ግን ገና አልቀበርኩዎትም።

ጸሎትዎ ከመንገድ ክፉ ይጠብቀኝ፤ እስክንገናኝ የገዳሙ ታቦት እርስዎን ያቆይልኝ።

ልጅዎ፣
ደግሰው ዓለምብርሃን